ከንቲባ የሌላት ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ መሸጫውም፣ ክትፎ ቤቱም፣ የአማርኛ ታፔላውም ሞልቶላታል፤ ከንቲባ ግን የላትም። በአፍ ልማድ ከተማ ትባል እንጂ በሕግ ፊት ከተማ አይደለችም። በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሮባታል። ፖሊሷ፣ ቤተ መጻሕፍቷ፣ የሰፈር መንገዷን በረዶ የሚጠርገው መኪና ሁሉ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። አቤቱታ ያለው ነዋሪ የሚሄደው ሮክቪል ወዳለው የካውንቲው ካውንስል ነው።

የካውንቲው ሥልጣን የሚመነጨው ከቻርተሩ፣ ማለትም ከመተዳደሪያ ሕጉ ነው። ሜሪላንድ በ1915 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ካውንቲዎች የራሳቸውን ቻርተር እንዲያጸድቁ ፈቀደች፤ ሞንትጎመሪ በ1948 ከካውንቲዎች ሁሉ ቀድሞ አጸደቀ። ያለ ቻርተር የካውንቲን ጉዳይ በአብዛኛው የሚወስነው አናፖሊስ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ነው።

ቻርተሩን ለማሻሻል ካውንስሉ ወይም 10 ሺህ የመራጭ ፊርማ ያሰባሰበ ወገን ሐሳብ ያቀርባል፤ የሚወስነው መራጩ ነው። በ2020 ሁለት ተፎካካሪ ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው ዘጠኙም የካውንስል አባላት በየወረዳቸው ይመረጡ አለ፤ ሌላው አባላቱ 11 ሆነው አራቱ በመላው ካውንቲ ይመረጡ አለ። ሁለተኛው አሸነፈ። በዚያው ምርጫ የንብረት ግብር ምጣኔ ካለፈው ዓመት በላይ የሚወጣው የካውንስሉ አባላት በሙሉ ሲስማሙ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። አንድ እምቢተኛ አሥሩን ያስቆማል ማለት ነው፤ ለእኔ ይህ ከጥንቃቄ ይልቅ ለጉልበተኛ የሚመች ነው።

አገልግሎቶችን እናዋህድ የሚለው ክርክር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ቻርተሩ በማይደርስበት ቦታ ነው። ካውንቲው ውስጥ ከካውንቲው ፖሊስ ሌላ የፓርክ ፖሊስ አለ። አለቃው በ1927 በስቴት ሕግ ለሞንትጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች የተቋቋመው የፓርክና ፕላን ኮሚሽን ነው። የበጀት ጭንቅ በበረታበት ወቅት የጊዜው የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ አይዛያ ሌጌት ሁለቱ ፖሊሶች ይዋሃዱ ቢሉም ካውንስሉ አልተቀበላቸውም። ለሁለት አዛዥና ለሁለት አስተዳደር መክፈል ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ቢዋሃዱ፣ የጎዳና ጥሪ ሲበዛ መጀመሪያ ከቦታው የሚነሳው ፓርክ ጠባቂው እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የቧንቧ ውሃውም እንዲሁ ነው፤ ከ1918 ጀምሮ የሁለቱ ካውንቲዎች የጋራ ድርጅት ያስተዳድረዋል።

ከሁሉ የሚገርመው መጠጥ ነው። ቢራና ወይን የሚያቀርበው ባለ ክትፎ ቤት በጅምላ የሚገዛው ከካውንቲው ነው። የካውንቲው መንግሥት መጠጥ አከፋፋይ የሆነው በአሜሪካ የነበረው የመጠጥ ክልከላ በ1933 ከተነሳ በኋላ ነው። ነጋዴው ስለ ማድረሻ ጊዜና ስለ ምርጫ ማነስ ያማርራል፤ ካውንቲው ደግሞ ትርፉን ለበጀቱ ይፈልገዋል። ሥርዓቱ ይለወጥ ቢባልም ሕጉን የሚለውጠው አናፖሊስ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ መንገድ ተሻግሮ ያለው ታኮማ ፓርክ ሌላ ዓለም ነው። ከንቲባም፣ የራሱ ፖሊስም አለው። እስከ 1997 ድረስ የካውንቲ ወሰን መሃሉን ይሰነጥቀው ነበር፤ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞንትጎመሪ ገባ። የቤት ባለቤቱ ለካውንቲውም ለከተማውም ግብር ይከፍላል፤ ከተማው በራሱ ለሚሸፍነው አገልግሎት ካውንቲው ምን ያህል ይመልስለት የሚለው የቆየ ጭቅጭቅ ነው።

ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በከተማ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ይፈቅዳል። ስለዚህ ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ እዚያ ከንቲባ ይመርጣል፤ ወዲህ ማዶ ያለው ጓደኛው ግን ከንቲባም የለው፣ ለካውንስሉም አይመርጥ። በካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት መድረክ ተመዝግቦ ለመናገር ግን ዜግነት አይጠየቅም።