የተደፋው ደም እና የኤችአይቪ ምርመራ

እዚህ አርሞን ሃናጺቭም ሆነ በሌላው የኢየሩሳሌም ሰፈር፣ ከኢትዮጵያ በመጣ ሰው ፊት ኤችአይቪ ሲነሳ ቀድሞ ትዝ የሚለው ምርመራው ወይም መድኃኒቱ ሳይሆን የተደፋው ደም ነው። በጥር 1996 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ማዕሪቭ ጋዜጣ፣ ደም የሚሰበስበው ማጌን ዳቪድ አዶም ከእኛ ሰዎች የተቀበለውን ደም ኤችአይቪን በመፍራት ለዓመታት በምስጢር ሲጥል መኖሩን አወጣ። በወሩ 28ኛ ቀን ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው በዚህችው ከተማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰለፈ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝና በውሃ መድፍ በተነው። ታሪኩን የምናነሳው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዘረኝነት ስንናገር ነው፤ ይገባልም። እኔ ግን ዛሬ እንደ አንድ የጤና ዕቅድ ልመዝነው ነው። በዚያ ሚዛን ሲታይ አሠራሩ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ኤችአይቪን ለመግታትም የማይረባ ነበር። ስለ አንድ ሕዝብ የተገኘውን የስርጭት ቁጥር አገልግሎቱን ወደ ሰዉ ለማምጣት ሳይሆን ሰዉን ለማራቅ ተጠቀመበት።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ምስጢሩ በደግነት ስም መጠበቁ ነው። «ደማችሁን አንፈልግም» ብሎ ከማሳፈር ተቀብሎ ዝም ብሎ መጣል ይሻላል ተባለ። መሥሪያ ቤት ይሉኝታ ሲይዘው እንዲህ ነው! ለጋሹ ወገኑን የረዳ መስሎት ወደ ቤቱ ሄደ፤ እውነቱን የሰማው ከጋዜጣ ነው። እንግዲህ አንዴ ክንዱን ዘርግቶ የተታለለ ሰው፣ የጤና ባለሙያ በሌላ ቀን «ለምርመራ ትንሽ ደም እንውሰድ» ቢለው ምን ያስባል? የኤችአይቪ መከላከል ደግሞ በእጅጉ የቆመው በፈቃዱ በሚዘረጋ ክንድ ላይ ነው። በ2011 ይፋ የሆነው ኤችፒቲኤን 052 የተባለ ጥናት፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ሕክምናን ቀደም ብሎ ሲጀምር ወደ ትዳር ጓደኛው የሚያስተላልፍበት ዕድል በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ አረጋገጡ። ነፍሰ ጡር እናት ካልታከመች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ፤ በወቅቱ ከታከመች ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። የዛሬው መከላከያ ሕክምናው ራሱ ነው ማለት ነው። ወደ ሕክምናው የሚያስገባው በር ደግሞ ምርመራ ነው፤ ያን በር በእጁ የሚከፍተውም ባለ ደሙ ነው።

«ቁጥሩ ግን ውሸት አልነበረም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አልነበረም። በጊዜው የጤና ሚኒስትር የነበሩት ኤፍሬም ስኔ፣ ከኢትዮጵያ በመጡት ዘንድ የቫይረሱ ስርጭት ከሌላው ሕዝብ በ50 እጥፍ ይበልጣል ብለው አሠራሩን ተከላክለው ነበር። «እጥፍ» ግን የሚነግረን ሁለት ቡድኖች ሲነጻጸሩ ያላቸውን ልዩነት እንጂ ፊታችን የቆመው ለጋሽ ማን እንደሆነ አይደለም። ከትንሽ ቁጥር 50 እጥፍ የሆነ ቁጥርም ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ሕዝብ መካከል እጅግ የሚበዛው ቫይረሱ አልነበረበትም። በእርግጥ አንድ ሰው ከተያዘ በኋላ ምርመራው ቫይረሱን ማየት የማይችልበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ደግሞ ያ ጊዜ ከዛሬው ይረዝም ነበርና የደም ባንክ ቢሰጋ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልገው ምርመራ ከተያዙ ከ10 እስከ 33 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው ባለፉት ሳምንታትና ወራት ምን አድርጓል የሚለው ነው እንጂ የት ተወለደ የሚለው አይደለም።

ነገሩ በ1996 ቢያበቃ ኖሮ የታሪክ ጉዳይ እለው ነበር። በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይጽሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ፤ ያም ሆኖ በታኅሣሥ 2013 የምክር ቤቱ የክነሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ እዚያው ክነሴት ደም ልትሰጥ ስትቀርብ መመሪያው እንደማይፈቅድላት ተነገራት። ከኢትዮጵያ ወደዚህ አገር የመጣችው በ3 ዓመቷ፣ አይሁዶችን በአውሮፕላን ባመጣው በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ ነው። 29 ዓመት ሙሉ በዚህ አገር የኖረች ሴት በሕፃንነቷ በተነሣችበት ምድር ስትመዘን የሕክምና ትርጉሙ ምንድን ነው? በ2021 ግን የጤና ሚኒስቴር ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ላይ የነበረውን የደም ልገሳ ክልከላ አንሥቶ፣ ለሁሉም ለጋሽ የቅርብ ጊዜ አድራጎቱን የሚጠይቅ አንድ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጀ። ግለሰብን በአድራጎቱ መመዘን እንደሚቻል መንግሥት ራሱ መሰከረ።

ቁጥር በተቃራኒው መንገድ ሲሠራ ለማየት ወደ ኢትዮጵያ እንሻገር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ዘንድ የአገሪቱ የስርጭት መጠን 0.9 በመቶ ሲሆን ጋምቤላ 4.8፣ አዲስ አበባ 3.4 ነበር። ጋምቤላ ከአገሪቱ አማካይ ከ5 እጥፍ በላይ ነው። የቁጥሩ ተገቢ ሥራ መመርመሪያው፣ መድኃኒቱና ባለሙያው በብዛት የት ይሂድ የሚለውን መወሰን ነው። ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ትምህርት አደረሱ፤ በ2005 ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀመረ። ፕሮግራሙ እምነትንም አልሸሸም። በ2007 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናገሩ፤ ለእኔ ይህ ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። የኢትዮጵያ ፕሮግራም እንከን የለውም አልልም። በውጭ ገንዘብ ላይ እጅግ የተደገፈ በመሆኑ በጥር 2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆም ተናግቷል። ቢሆንም ሰዉ ስለራሱ ያለውን ቁጥር ከመንግሥቱ አፍ ሰምቷል፤ ከዚያው አፍ መድኃኒቱ የት እንዳለም ተነግሮታል።

እዚህ ላይ ከራሳችን ወገን የሚነሳ ተቃውሞ አለ፤ እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። «እባክህ አታንሣው፣ ስማችን እንደገና ይጠፋል» ይላሉ ትልልቆቹ። ፍርሃቱ ያለምክንያት አልመጣም፤ ዝምታው ግን ማንን እንደሚጎዳ እንይ። እኛ ዝም ስንል ቁጥሩ አይጠፋም፤ በሚኒስቴሩ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ እኛ በሌለንበት የሚተረጉመውም ሌላ ሰው ይሆናል። በዚህ መሐል ዘግይቶ የሚመረመረው፣ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ገና የሚያውቀው የእኛው ሰው ነው። «ለኢትዮጵያውያን የተለየ አገልግሎት መስጠትስ መልሶ መለየት አይደለም ወይ?» ለሚለው ደግሞ መለያው ቀላል ነው፤ ሰውየው አልፈልግም ማለት ይችላል ወይ? ውጤቱስ መጀመሪያ የሚነገረው ለእርሱ ነው ወይ? በአማርኛ የተዘጋጀ ምርመራ ሁለቱንም ያሟላል፤ በ1996 የተጋለጠው አሠራር አንዱንም አላሟላም።

ታዲያ ዕቅዱ ምን ይኑረው? ከሁሉ በፊት የቋንቋውን ጉዳይ አስቀድማለሁ። በጤና መድን ድርጅቶቹ፣ በኩፓት ሆሊም ውስጥ፣ ዛሬም ዕብራይስጥ ለማይችሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉሙላቸው ልጆቻቸው ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት በልጅ አፍ ሊያልፍ ይችል ይሆናል። የኤችአይቪ ውጤት ግን አያልፍም፤ እናቲቱ ልጇ እንዳትሰማ ስትል ምርመራውን ራሱን ትተወዋለች። መፍትሔው አዲስ ፈጠራ አይደለም። ረፉአ ሽሌማ የተባለው ፕሮግራም ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቁ አገናኞችን በክሊኒኮች አስቀምጦ ሠርቷል። ገንዘብ ይፈጃል የሚለው ክርክር አያሳምነኝም፤ የአንድ አገናኝ ደመወዝ ዘግይቶ የታወቀ ኤድስ በሆስፒታል ከሚያስወጣው ጋር አብሮ ይሰላ። ደግሞም አገናኙ ከሰፈሩ ወጣ ያለ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በእኛ መሐል ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነውና ምስጢር በዘመድ እጅ አይቀመጥም።

ከከተማው መሐል፣ በኢትዮጵያ መንገድ በኩል ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ለማስቀደስ ከሚመጡት መካከል የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች አሉ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው የጤና መድን ሕግ ነዋሪ ተብሎ የተመዘገበውን እንጂ እነርሱን አያቅፍም። የጤና ሚኒስቴር ከ2014 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የኤችአይቪ ሕክምና የሚያገኙበት መንገድ ከፍቷል፤ ስለ መንገዱ በአማርኛና በትግርኛ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጭምር መንገር ይገባል። የምርመራው ውጤት ለስደት ፖሊስ እንደማይተላለፍም በጽሑፍ ይረጋገጥላቸው።