ፈንግል ከመግባቱ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝዎ አነስተኛ ቢሆን ምናልባት በጓሮዎ አምስት ስድስት ዶሮ ያረቡ ይሆናል። ተማሪም ከሆኑ ደብተርዎና እርሳስዎ ከእናትዎ የዕንቁላል ሽያጭ የተገዛ ሊሆን ይችላል። ይህንን ጥቂት ሀብት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠራርጎ የሚወስደው በሽታ ፈንግል ነው።

በሊቃውንት ዘንድ የኒውካስል በሽታ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር፥ በኒውካስል ከተማ አጠገብ ዶሮዎችን ስለ ፈጀ ስሙን ከዚያው ወሰደ፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል።

የያዛት ዶሮ ላባዋን ነፍታ፥ ክንፏን ጥላ ትተክዛለች። ጥሬ አትለቅምም፤ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች፤ ኩሷም አረንጓዴና ውሃማ ይሆናል። ቀን ከሰጣት አንገቷ ይጣመማል፥ እግሯም ይሰንፋል። አንዳንዷ ግን ምንም ሳታሳይ ሞታ ትገኛለች። ፈንጣጣ ቢሆን ኖሮ ላባ በሌለው የፊቷ ቆዳ ላይ ቅርፊት ያወጣ ነበር። የወፍ ጉንፋን ግን ከፈንግል ጋር በዓይን ብቻ አይለይም፤ ስለዚህ ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲሞት ሬሳውን በእጅ ሳይነካኩ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ ያሻል።

ብዙ ሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ በውሃ ይበጠብጣል። በሽታው የቫይረስ ስለሆነ እንክብሉ አይነካውም፤ ገንዘቡም ከዶሮዋ ጋር ይሄዳል። ያለው መከላከያ ክትባት ብቻ ነው፤ ይህንንም በቢሾፍቱ የሚገኘው፥ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያዘጋጃል።

ክትባቱ ጤነኛይቱን ይጠብቃል እንጂ የታመመችውን አያድንም። በሽታው ከመንደር ከገባ በኋላ የተከተቡ ዶሮዎች ሲሞቱ «ክትባቱ ገደላቸው» የሚል ወሬ የሚነሣው ስለዚህ ነው፤ በሽታውን አስቀድመው ይዘውት ነበርና። ክትባቱ እስኪጸና አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እንግዲህ ከዘመን መለወጫና ከፋሲካ ገበያ አንድ ወር ቀድሞ ማስከተብ ይበጃል። በእነዚያ ቀናት ከየመንደሩ የመጣ ዶሮ ባንድ ቅርጫት ይታጎራል፤ በሽታ የሰማ ገበሬም የተረፈችውን ሳትሞት ለመሸጥ ይጣደፋል። በጣም የረከሰች ዶሮ ካዩ ይጠርጥሩ፤ የገዟትንም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያኑሯት።

የሚያስቸግረው ብልቃጡ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለመቶና ከዚያም ለሚበልጥ ዶሮ ይሆናል፤ አንዴ ከተበጠበጠም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ለስድስት ዶሮ ብቻ የሚከፍተው ሐኪም ባያገኙ አይፍረዱበት። ጎረቤቶችዎን አስተባብረው ቀን ይቁረጡ። የጎረቤት ዶሮ ሳይከተብ ቢቀር አጥር አያግደውምና፥ የእነርሱ መከተብ ለእርስዎም ይጠቅማል። ለመንደር ዶሮ የሚመቸው፥ ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን ይንጠባጠባል፤ ለጫጩትም ለአውራም መጠኑ አንድ ጠብታ ሲሆን በየአራት ወሩ ገደማ ይደገማል።

ዶሮዎቹን ማለዳ፥ ከቆጥ ሳይወርዱ መያዝ ይቀላል። ጠብታው ገብቶ ዓይኗን እስክታርገበግብ ድረስ አይልቀቋት።