ቀይ ባጅ ያለው ሠራተኛ ሲታመም ማን ይከፍላል?

በካሊፎርኒያዋ ማውንቴን ቪው፣ ጉግል ዋና መሥሪያ ቤቱን በተከለበት አካባቢ፣ ሰው የሚለየው በሚያንጠለጥለው ባጅ ነው። ነጭ ባጅ የያዘው የኩባንያው ቋሚ ቅጥር ነው። ቀይ የያዘው እዚያው ግቢ ውሎ ቢያመሽም ደመወዙን የሚቀበለው ከሌላ ድርጅት ነው። ሁለቱ በአንድ በር ይገባሉ፤ አንዱ ያበሰለውን ሌላው ይበላል። ሲታመሙ ግን መንገዳቸው ይለያያል፤ የአንዱ ኩባንያ ለሠራተኛው የገባው ቃል ሌላውን አይመለከትምና።

የጉግልን ካፍቴሪያዎች በዋናነት የሚያስተዳድረው በኮምፓስ ግሩፕ ሥር ያለው ቦን አፔቲ የተባለ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤሪያ የሚገኙ 2,300 ያህል የካፍቴሪያ ሠራተኞች ዩናይት ሂር በተባለው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር ሥር ተደራጁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ አዋጆች ከሚጠሩባቸው በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2022 በመላ አሜሪካ በጉግል ካፍቴሪያዎች የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት 4,000 ያህል ደርሰው ነበር። ዋሽንግተን ፖስት በዚያ ዓመት እንደዘገበው እነዚህ ሠራተኞች በአማካይ በሰዓት 24 ዶላር ያገኙ ነበር፤ ለጤና ኢንሹራንስ ከኪሳቸው የሚያወጡት እጅግ ጥቂት ነበር፣ ወይም ጭራሽ አልነበረም፤ የጡረታ ዕቅድም ነበራቸው።

ሃያ አራት ዶላር በሳንታ ክላራ ካውንቲ የቤት ኪራይ ፊት ብዙ አይደለም። የኢንሹራንሱ ነገር ግን በቁጥር ሲታይ ይከብዳል። ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት በ2024 ባወጣው ዓመታዊ ዳሰሳ መሠረት በቀጣሪ በኩል ለሚገኝ የቤተሰብ ኢንሹራንስ በዓመት በአማካይ 25,572 ዶላር ይከፈል ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 6,296 ዶላሩ የሚቆረጠው ከሠራተኛው ደመወዝ ነበር። በሰዓት 24 ዶላር የሚያገኝ ሰው ይህን ያህል ለመክፈል፣ ግብር ሳይነሳለት እንኳ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ ሙሉ ሰዓት መሥራት አለበት። ዩኒየን ገብቶ ይህ ክፍያ የተነሳለት ሠራተኛ እንግዲህ የስድስት ሳምንት ደመወዝ በእጁ ቀረለት ማለት ነው። ከዕድገትና ከጭማሪ ወሬ ሁሉ ይልቅ ይህ ቁጥር ቤት ውስጥ ሊነገር ይገባዋል።

ከማውንቴን ቪው ብዙም በማይርቀው ሜንሎ ፓርክ የሆነው ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። የፌስቡክን ሠራተኞች የሚያመላልሱት ሾፌሮች ሉፕ ትራንስፖርቴሽን በሚባል ድርጅት ተቀጥረው፣ ማለዳ አንድ ዙር ነድተው፣ እኩለ ቀኑን ያለ ክፍያ አሳልፈው፣ ማታ ደግሞ ሌላ ዙር ይነዱ ነበር። ቤቱ ሩቅ የሆነ ሾፌር በመሐል ያለውን ሰዓት መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። ሾፌሮቹ በኅዳር 2014 የቲምስተርስ ማኅበር ቅርንጫፍ 853 አባል ለመሆን ድምፅ ሰጡ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት የጸደቀው ኅብረት ስምምነት አማካይ ክፍያቸውን ከ18 ዶላር ወደ 24 ዶላር ተኩል ሲያሳድግ ለሙሉ ሰዓት ሠራተኞች ቀጣሪው የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስና የተከፈለበት ዕረፍት ጨመረላቸው። በዚያው የካቲት የአፕልን፣ የያሁንና የኢቤይን ሠራተኞች የሚያመላልሱ ሾፌሮችም እነሱን ተከትለው ድምፅ ሰጡ።

አዲስ ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ በዚህ አገር ሕክምና ለምን ከሥራ ጋር ተጣበቀ? መልሱ በከፊል እዚሁ ቤይ ኤሪያ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ ኢንሹራንስን ከገደቡ ነፃ አደረገው፤ ቀጣሪዎችም ሠራተኛ ለመሳብ ያንን ያዙ። ሄንሪ ካይዘር የተባለው ባለሀብት በሪችመንድ መርከብ ለሚሠሩለት ሠራተኞች ከዶክተር ሲድኒ ጋርፊልድ ጋር የአባላት ሕክምና አቋቋመ። ጦርነቱ ሲያበቃ የመርከብ ሠራተኞቹ ተበተኑ፣ ሆስፒታሎቹ ባዶ ሊቀሩ ሆነ። በ1945 ለሕዝብ ሲከፈቱ ነፍስ የዘሩባቸው ማኅበራት ናቸው፤ በተለይም በ1950 የምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አባላቱን አስገባ። ዛሬ ዋና ቢሮው ኦክላንድ የሆነው ካይዘር ፐርማነንቴ የቆመው በዚህ መንገድ ነው። የካይዘር የራሱ ሠራተኞች ደግሞ በጥቅምት 2023 ከ75,000 በላይ ሆነው ለሦስት ቀን ሥራ አቁመዋል።

ማኅበሩ ተደራድሮ የሚያመጣው የጤናና የደኅንነት ፈንድ ምን እንደሆነ እድር ለሚያውቅ ሰው ለማስረዳት አያስቸግርም። መዋጮ አለው፣ ሣጥን አለው፣ ዳኞች አሉት፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። ልዩነቱ መዋጮውን የሚከፍለው ቀጣሪው መሆኑ ነው፤ በኅብረት ስምምነቱ መሠረት ሠራተኛው ለሠራው ለእያንዳንዱ ሰዓት የተወሰነ ገንዘብ ወደ ፈንዱ ይገባል። በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ገንዘቡን ማኅበሩ ብቻውን እንዳያዝበት ይከለክላል። ከማኅበሩና ከቀጣሪዎች በእኩል ቁጥር የተመረጡ ባለአደራዎች ይመሩታል። በ1974 የወጣው ኤሪሳ የተባለ ሕግ ደግሞ ባለአደራዎቹ ለአባላቱ ጥቅም ብቻ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ አባሉም የዕቅዱን ማብራሪያ መጽሐፍ የማግኘት መብት አለው። ብዙ አባላት ይህን መጽሐፍ ሳይገልጡት ያስቀምጡታል። የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ታግለው ያመጡትን ገንዘብ ሳያነሱት ይቀራሉ።

በፈንድ ሥር ባለ ኢንሹራንስ ሁሉ ነገር በሰዓት ይለካል። በብዙዎቹ ፈንዶች አባሉ በወሩ የተወሰነውን ሰዓት ካልሠራ ኢንሹራንሱ ይቋረጣል፤ ደግሞም በጥር የተሠራው ሰዓት የሚያስገኘው የመጋቢትን ሽፋን ይሆናል። ሆቴል ወይም ካፍቴሪያ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሺፍት የተቀነሰበት ሰው ጉዳቱን የሚያየው ከሁለት ወር በኋላ፣ መድኃኒት ቤት ካርዱ አልሠራም ሲባል ነው። አንዳንድ ፈንዶች በደህና ጊዜ የተረፈውን ሰዓት እያጠራቀሙ ለክፉ ቀን ያውሉለታል። ሥራ የለቀቀ ወይም ሰዓት የጎደለበት ደግሞ ኮብራ በተባለው ሕግ በራሱ ወጪ እስከ 18 ወር መቀጠል ይችላል፤ ለመወሰን ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው፣ ክፍያውም ከባድ ነው። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሰዓት ፈንዱ ከመዘገበው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ቀጣሪው አጉድሎ ልኮ ከሆነ ቀድሞ ማወቅ ያለበት የሥራ ቦታው የማኅበር ተወካይ ነው።

ፈንዱ ከሐኪም ቤት ያለፈ ነገርም ይይዛል። የጥርስና የዓይን ሕክምና፣ የሕይወት ኢንሹራንስ፣ ለአካል ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ በብዙዎቹ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር፣ ቅርንጫፍ 2፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሆቴሎቹ የሚያዋጡለት የሕፃናትና የአረጋውያን እንክብካቤ ፈንድ አለው። የሕይወት ኢንሹራንሱ ላይ አንድ የሚረሳ ጉዳይ አለ፤ የወራሹን ስም የሚይዘው ቅጽ። ሰው ሳያገባ ሥራ ሲጀምር የወንድሙን ስም ሞልቶበት፣ አግብቶና ወልዶ ሳይለውጠው ሊቀር ይችላል። ሞት ሲመጣ ገንዘቡ የሚሄደው ወረቀቱ ወደሚለው ነው።

ለሐበሻ ቤተሰብ የተለየ ጣጣ የሚሆነው ሰነድ ነው። ባል ወይም ሚስት ከአገር ቤት ሲመጡ፣ ወይም ልጅ ሲወለድ፣ ፈንዱ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በአማርኛ የተጻፈው መተርጎም፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተሞላው ቀን ወደ ፈረንጆቹ መለወጥ አለበት፤ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ጊዜ ከጋብቻው ወይም ከልደቱ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። ካለፈ እስከሚቀጥለው የምዝገባ ወቅት መጠበቅ ነው። ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው ይሸፈናሉ። እናትና አባት ግን በአብዛኛው አይሸፈኑም፣ አብረው ቢኖሩም። ወላጆቹን በግሪን ካርድ ያመጣ ሰው ከዩኒየኑ ውጭ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል፣ ሌላ መንገድ መፈለግ ይኖርበታል።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ናቸው። ለወለደች እናት 120 ቀን በሙሉ ክፍያ ይፈቅዳል። የፌዴራሉ የአሜሪካ ሕግ ለግል ድርጅት ሠራተኛ በክፍያ የሚሰጥ የሕመምም ሆነ የወሊድ ፈቃድ አያዝም፤ ካሊፎርኒያ ራሷ የምታስገድደው የሕመም ፈቃድ በዓመት አምስት ቀን ነው። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ሠራተኛውና ቀጣሪው እያዋጡ የሚታከሙበትን የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ብትደነግግም ትግበራው ዓመታት ዘግይቷል። አዲስ አበባ ላይ ሕግ የሚሰጠውን እዚህ በድርድር ማምጣት ግድ ነው፤ የመድኑ ፈንድ ደግሞ እዚህ ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ድርድር ሲባል ቀላል እንዳይመስል። በ2024 መስከረም በሳን ፍራንሲስኮ የጀመረው የቅርንጫፍ 2 የሆቴል ሠራተኞች አድማ ዋነኛ ጉዳይ የጤና ኢንሹራንስ ነበር። የክፍል አጽጂዎች፣ ምግብ አብሳዮችና ሻንጣ ተሸካሚዎች በዝናብ ታምቡር እየመቱ ለሳምንታት ደጅ ላይ ቆሙ። 93 ቀን ከቆየ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ የመጨረሻዎቹ የሂልተን ሠራተኞች ስምምነቱን አጸደቁ፤ ኢንሹራንሳቸው ተጠበቀ፣ ወዲያው የሦስት ዶላር የሰዓት ጭማሪም አገኙ። ከዚያ በፊት፣ በ2020 ኅዳር፣ ኮቪድ በበረታበት ጊዜ፣ ይኸው ማኅበር የገፋበት ደንብ በሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ አንዳንድ ድርጅቶች ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ ኢንሹራንስ እንዲሰጡ አስገድዷል። ደንቡ ለሚመለከተው ሠራተኛ ይህ ከልጅ ጋር ሐኪም ቤት ለመሄድ በማሰብና ባለማሰብ መካከል ያለ ልዩነት ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረው በመተግበሪያ የሚጠራው ሾፌር ነው። ከኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና እስከ ሳን ሆዜ፣ ብዙ ሐበሻ ኡበርና ሊፍት ይነዳል፤ ሰዓቱን የሚቆጥርለትና መዋጮ የሚያስገባለት ቀጣሪ የለውም። በ2020 መራጮች ያጸደቁት ፕሮፖዚሽን 22 የተወሰነ ድጎማ ፈቀደለት፤ በሩብ ዓመቱ በአማካይ በሳምንት 15 ሰዓት የሞላ ግማሹን፣ 25 ሰዓት የሞላ ሙሉውን ያገኛል፤ መጀመሪያ ግን ኢንሹራንሱን በራሱ ስም ገዝቶ ማስረጃውን ለኩባንያው ማቅረብ አለበት። የሚቆጠረው ሰዓትም ጥሪ ከተቀበለበት ተሳፋሪውን እስካወረደበት ያለው ብቻ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ የዋለው አይገባም።

በጥቅምት 2025 የካሊፎርኒያው ገዥ ጋቪን ኒውሰም ኤ.ቢ. 1340 የተባለውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ እነዚህ ሾፌሮች የግል ሥራ ተቋራጭ እንደሆኑ ቀጥለው፣ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ማኅበር መሥርተው ከኩባንያዎቹ ጋር ስለ ክፍያና ስለ ጥቅማጥቅም መደራደር ይችላሉ። ለማኅበሩ ዕውቅና መነሻው የሾፌሮቹ የድጋፍ ፊርማ ነው። የጤና ፈንድ ይኑር አይኑር፣ ተራ የሚጠበቅበትም ሰዓት ይቆጠር አይቆጠር፣ ፊርማው ሞልቶ ኩባንያዎቹ ፊት ሲቀመጡ ከሚያነሷቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች መካከል ሊሆን ይገባል።