ስለ ስፒከር ሽቦ አመራረጥ

(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



በየቤታችን የሙዚቃ መሣሪያ ሲገዛ ገዢው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ አምፕሊፋየሩና ስለ ስፒከሮቹ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ ግን በመጨረሻ የሚታሰብ ነገር በመሆኑ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሲደርስ ይታያል። አንዳንዱ ሰው በቤት ውስጥ ወድቆ ያገኘውን የደወል ሽቦ ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን መሣሪያ ያሰናክላል። ሌላው ደግሞ የሻጩን ቃል አምኖ የወር ደመወዙን የሚያህል ገንዘብ ለጥቂት ሜትር ገመድ ይከፍላል። ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚያሳዝን ለመፍረድ ያስቸግራል፤ የፊተኛው ግን በጥቂት ብር ይታረማል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፥ ሽቦው የሚሠራውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሩ ደካማውን የድምፅ ምልክት አበርትቶ በኤሌክትሪክ ኀይል መልክ ይልካል። ስፒከሩም ይህን ኀይል ተቀብሎ ሸራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀጥቀጥ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ሽቦው በመካከል ያለ መንገድ ነው እንጂ ድምፅን የሚያሳምርበት አንዳች ጥበብ የለውም። ከመልካም ሽቦ የሚጠበቀው የተላከውን ሳያጎድል ማድረስ ብቻ ነው።

ማናቸውም ሽቦ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ጥቂት ተቃውሞ አለው። ይህ ተቃውሞ የሚለካበት ኦም የተባለው መስፈሪያ ስሙን ያገኘው፥ ጥናቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1827 ካሳተመው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ከጌዎርግ ሲሞን ኦም ነው። ሕጉ ውሃ በቧንቧ ሲሄድ ከምናየው ብዙ አይርቅም። ቧንቧው በረዘመ መጠን ውሃው ይደክማል፤ በሰፋ መጠን ደግሞ እንደ ልቡ ይፈስሳል። ሽቦም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ሽቦ የሚመርጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ሦስት ነገር ነው፤ ርዝመቱ ስንት ነው፥ ውፍረቱ ስንት ነው፥ የተሠራውስ ከምን ማዕድን ነው?

ርዝመቱን ስንለካ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ስፒከሩ በዓይን ሲታይ አራት ሜትር ሊሆን ይችላል። ሽቦው ግን በግድግዳው ሥር እየታከከ፥ የበሩን መቃን ዞሮ ሲሄድ አሥር ሜትር ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ክር ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ መንገዱ እጥፍ ነው፤ የአሥር ሜትር ገመድ በሂሳብ ሃያ ሜትር ሽቦ ነው ማለት ነው። ውፍረት ስንልም የመዳቡን እንጂ የላስቲኩን ውፍረት ማለታችን አይደለም። አውራ ጣት በሚያህል ላስቲክ ውስጥ ከስፌት ክር ብዙም የማይበልጥ መዳብ ተሸፍኖ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመዳቡ ስፋት በሚሊሜትር ካሬ ስንት እንደሆነ በገመዱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ፥ ካልተጻፈም ጫፉን አስልጦ ማየት ይገባል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንለፍ። ከላይ በተናገርነው በአሥር ሜትር ገመድ ላይ፥ መዳቡ ግማሽ ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ተቃውሞው 0.69 ኦም ያህል ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን 0.34፥ 1.5 ቢሆን 0.23፥ 2.5 ቢሆን ደግሞ 0.14 ኦም ብቻ ነው። በስፒከሩ ጀርባ 4፥ 6 ወይም 8 ኦም የሚል ጽሑፍ ይገኛል። የሽቦው ተቃውሞ ከዚህ ቍጥር ከመቶ አምስት እጅ እንዳይበልጥ ማድረግ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ልክ ነው። ይህም ለ8 ኦም ስፒከር 0.4፥ ለ4 ኦም ስፒከር 0.2 ኦም መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያው አሥር ሜትር ላይ ለ8 ኦም ስፒከር የአንድ ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል፤ ለ4 ኦም ግን 2.5 ያስፈልጋል። ሽቦው በግማሽ ቢያጥር ደግሞ ግማሹ ውፍረት ይበቃል።

«ከመቶ ስምንት እጅ ኀይል በሽቦው ላይ ቢቀር ምን ይጎዳል? ድምፁን ጥቂት ከፍ ማድረግ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው፤ ጆሯችን እንዲህ ያለችውን ትንሽ ጉድለት ለብቻዋ አይሰማትም። ነገር ግን በስፒከሩ ጀርባ የተጻፈው 8 ኦም እንደ መካከለኛ ግምት ያለ እንጂ ቋሚ ቍጥር አይደለም። አንዱ ስፒከር በአንዱ የድምፅ ደረጃ 6 ኦም፥ በሌላው ደረጃ 30 ኦም ሊሆን ይችላል። ቀጭኑ የግማሽ ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በ6 ኦሙ ላይ ከመቶ አሥር ያህል ኀይል ሲያስቀር፥ በ30 ኦሙ ላይ ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ ጉድለቱ በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል አይደለም፤ አንዱ ዜማ ሲደበዝዝ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ጥሩ መሣሪያ ገዝቶ «ድምፁ እንደ ሱቁ አልሆነም» ብሎ የሚያማርር ሰው ከመሣሪያው በፊት ሽቦውን ቢመረምር መልካም ነው።

ልኩ ከተሟላ በኋላስ የሽቦው ዋጋ ከፍ ባለ መጠን ድምፁ ይሻሻላልን? ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ይህን በሰዎች ጆሮ አስፈትኖ ነበር። አድማጮቹ የትኛው ሽቦ እንደተቀጠለ ሳይነገራቸው፥ ውድ የሆነውን ወፍራም ገመድ፥ 1.3 ሚሊሜትር ካሬ ያህል የሆነውን ተራ የመብራት ገመድና 0.2 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ቀጭን ሽቦ እንዲያነጻጽሩ ተደረገ። ቀጭኑ ደካማ መሆኑ ታወቀ። ሙዚቃ ሲሰማ ግን ውዱን ገመድ ከመብራቱ ገመድ ለመለየት አልተቻለም። ከዚያ በኋላም ገበያው እየናረ ሄዶ፥ በ2007 አንድ ጥንድ ገመድ በ7,250 ዶላር ሲሸጥ ጄምስ ራንዲ የተባለው አሜሪካዊ፥ በስውር ፈተና ከተራው ገመድ ለይቶ ለሚያውቀው ሰው አንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ሠሪው ግን ራሱን ከነገሩ አገለለ፤ ፈተናውም ሳይደረግ ቀረ።

ስለ ብር ሽቦና «ኦክሲጅን የሌለው» ስለሚባለው መዳብም ብዙ ይወራል። ብር ከመዳብ ይልቅ ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው ከመቶ ስድስት ያህል በበለጠ ነው፤ ይህንኑ ብልጫ መዳቡን ጥቂት በማወፈር ማግኘት ይቻላል። ኦክሲጅን የሌለውም ከተራው ንጹሕ መዳብ ያለው ልዩነት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። የግራና የቀኝ ሽቦ ርዝመት የግድ እኩል ይሁን የሚለውም ቢሆን መሠረት የለውም። የአምስት ሜትር ልዩነት የሚያመጣው መዘግየት ከሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም።

ይልቅስ ልንጠነቀቅ የሚገባን ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም መሸጡ ነው። አሉሚኒየም በተቃውሞ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ብለው የሸጡልን አሉሚኒየም ሥራው ከ1.5 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ገላው ከአየር ጋራ ሲገናኝም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበቅላል። ርካሽ ሆኖ በስሙ ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው። ለመለየት አንዱን ክር በቢላዋ መፋቅ ይበቃል። ውስጡ ነጭ ሆኖ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲመዘንም ቀለል ይላል። ነጋዴው እንዳይፋቅበት የሚከለክል ከሆነ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ መሄድ ነው።

ለቤት መብራትና ሶኬት መዘርጊያ የሚሸጠው 1.5 እና 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ለዚህም ሥራ ይሆናል። ብቻ አንድ ወጥ የሆነው ደረቅ ስለሆነ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደውን መምረጥ ይሻላል። ጫፉ ሲላጥ ክሮቹን ጠበቅ አድርጎ መፍተል ያስፈልጋል፤ አንዲት የተረሳች ክር ሁለቱን መያዣዎች ካነካካች ኮንታክት ፈጥራ አምፕሊፋየሩን ልታቃጥል ትችላለችና። መሣሪያውም ሳይጠፋ ሽቦ መንቀልና መትከል አይገባም።

በገመዱ ጫፍ ላይ የሚገጠም 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መሰኪያም አለ። ለአጠቃቀም የሚመች ነው፤ ዳሩ ግን በግድግዳችን ላይ ባለው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ ሊገባ ይችላል። 220 ቮልት በሚመላለስበት ሶኬት ላይ አንድ ሕፃን እንዲህ ያለውን የብረት መሰኪያ ቢሰካ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ልጆች ባሉበት ቤት የተላጠውን ጫፍ በቀጥታ ከመያዣው ጋራ ማሰር ይመረጣል።

የቀረው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ነገር ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ካልተስማሙ የአንደኛው ሸራ ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙም ድምፅ በአየር ላይ እርስ በርሱ ይጣፋል። የከበሮው ጉምጉምታ ይሳሳል፤ የበገናውም ወፍራም አውታር ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። የሽቦዎቹ ቀለም አንድ ዓይነት ሆኖ መለየት ቢያስቸግር፥ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ነቅሎ ሁለቱን ጫፎች በአንድ 1.5 ቮልት ደረቅ ባትሪ ላይ ለቅጽበት ማስነካት ነው። የትልቁ ስፒከር ሸራ ወደ ፊት ብቅ ካለ፥ የባትሪውን ፖዘቲቭ በነካው ጫፍ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበት፤ ወደ ኋላ ከገባ ደግሞ ክሩ በሌላው ጫፍ ላይ ይሁን። ለሁለተኛውም ስፒከር እንደዚሁ ተደርጎ ቀይ ክር የታሰረበት ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ቀይ መያዣ ይገባል።