የቤተ አማራው ኦርጋን

በ1480ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባቲስታ ዳ ኢሞላ የሚባል የፍራንሲስካን መነኩሴ ከኢየሩሳሌም ተልኮ ወደ ሀገራችን መጣ። ያየውን ሁሉ ለፍራንቼስኮ ሱሪያኖ አጫወተው፤ ሱሪያኖም ስለ ቅድስት ሀገር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሰፈረው። በዚያ ወሬ መካከል በቀላሉ የምትታለፍ አጭር ነገር አለች፤ በንጉሡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትልቅና ያጌጠ፣ በጣልያን አሠራር የተሠራ ኦርጋን ነበር።

ዘመኑ በልጅነታቸው የነገሡት የአፄ እስክንድር ዘመን ነው። ያኔ ነገሥታቱ ታላላቅ አድባራታቸውን የሚያንጹት በቤተ አማራ ነበር፤ ማለትም በሽሎ በሰሜን፣ ወንጪት በደቡብ፣ ዓባይ በምዕራብ በሚከቡት ደጋ። የዛሬዎቹ መካነ ሰላም፣ ቦረናና አማራ ሳይንት እዚያው ውስጥ ናቸው። አትሮንሰ ማርያም፣ ገነተ ጊዮርጊስ፣ በኋላም መካነ ሥላሴ የቆሙት በዚሁ ምድር ነው። የባቲስታ መንገድም በዚሁ አገር ያለፈ ስለሆነ ኦርጋኑን ለቤተ አማራ መስጠት ድፍረት አይመስለኝም።

ዛሬ ኦርጋን ስንል የሚታየን በየሰርጉ ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚቆመው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። የዚያን ዘመኑ ግን በነፋስ የሚሠራ ነው። ከኋላው አንጥረኛ ከሰል የሚያቀጣጥልበትን የመሰሉ የቆዳ ወናፎች አሉት፤ አንድ ሰው ሥራዬ ብሎ ሲነፋቸው ይውላል። ነፋሱ ቱቦዎቹ ወደተተከሉበት ዝግ ሣጥን ገብቶ ይታመቃል። ተጫዋቹ ጣቱን ቁልፉ ላይ ሲያሳርፍ ከሥር አንዲት ትንሽ ክዳን ትከፈታለች፤ የታመቀው ነፋስ ወደ ቱቦዋ ይወጣና ከንፈሯ ላይ ተሰንጥቆ ይጮኻል። አንዲት ቱቦ አንድ ድምፅ እንጂ ሁለት አታወጣም። እንደ እምቢልታ ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የያዛትን ድምፅ በተራው ሲጥል ዜማው ከሁሉም ተሰብስቦ ይወጣል። በኦርጋን ግን ነፊዎቹን ሁሉ የሚያዛቸው የአንድ ሰው ጣት ነው። የቱቦው ርዝመት በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወፍራም ድምፅ የፈለገ ሠሪ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ 2.4 ሜትር ገደማ የሚደርስ ቱቦ ያቆማል። የበገና አውታር ከተመታ በኋላ ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል። ኦርጋን ግን ጣት እስካልተነሣ፣ ወናፍ ነፊውም እስካልደከመ ድረስ ቅንጣት አይቀንስም።

ነገር ግን አስቸጋሪ ዕቃ ነው። ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል፣ ሲሞቅ ይወጣል፤ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀትሩ ፀሐይ በሆነበት ደጋ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት አይዘምርም። የወናፉ ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አይጥም ይወደዋል። ቃኚና ጠጋኝ በአጠገቡ ካልኖረ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዝም ይላል።

ታዲያ ቤተ ክህነት ምን ሊያደርግለት ነው? የያሬድ ዜማ ከበሮ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይበቃዋል፤ በቅዳሴም ኦርጋን ቦታ የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው ከሊቃውንቱ ሳይሆን ከነገሥታቱ ዘንድ ነው። ነገሥታቱ ለሚያንጹት ደብር ከሩቅ አገር ብርቅ ዕቃና ባለ እጅ ማስመጣት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። የአፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 (እ.ኤ.አ.) ቬኒስ ደርሰዋል። የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ለኢትዮጵያ የላካቸው 13 ባለ እጆች ደግሞ መንገድ ላይ ማለቃቸውን ንጉሡ ራሱ በ1450 (እ.ኤ.አ.) ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። የነገሥታቱ ልመና በዚህ አልቆመም። ባቲስታ ሲደርስ አሥር ያህል ጣልያኖች በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሲኖሩ አገኘ፤ ከነሱ አንዱ እዚህ መርቆሬዎስ የተባለው የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ነው። እነዚህን ሰዎች ሳስብ ኦርጋኑ ሙሉውን ባሕር ተሻግሮ መጣ ከማለት እዚሁ ተገጣጠመ ማለት ይቀለኛል። የወናፍ ቆዳም ሆነ እንጨት በዚህ አገር ቸግሮ አያውቅም።

ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ሁለተኛ ኦርጋን መጣ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 (እ.ኤ.አ.) ምፅዋ ወርደው ለአፄ ልብነ ድንግል ካቀረቡት ስጦታ መካከል ሰይፍ፣ ጥሩር፣ ትናንሽ መድፎችና የዓለም ካርታ ነበሩ፤ ኦርጋንም አብሮ ነበር። ማኑኤል ዴ ማሬስ የተባለ ኦርጋን ተጫዋችም ከጓዙ ጋር መጥቷል። መጀመሪያ የታሰበው ስጦታ ከዚህ የበለጠ ነበር፤ ሽማግሌው መልእክተኛ ዱዋርቴ ጋልቫዎ ቀይ ባሕር ላይ በካማራን ደሴት ሞቶ፣ የያዘው ንብረትም እዚህም እዚያም ቀርቶ ነው እንጂ። ንጉሡ በመጣላቸው ነገር ብዙም ደስ አላላቸውም። ቢሆንም እንግዶቹን ዝፈኑ፣ ተጫወቱ ብለው ማስጠየቃቸውን የጉዞውን ታሪክ የጻፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይነግረናል።

በ1531 (እ.ኤ.አ.) የኢማም አህመድ ጦር ቤተ አማራ ገባ። መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ ሌሎቹም ንጉሣዊ አድባራት ዕጣቸው ያው ሆነ። የኦርጋን ቱቦ በአብዛኛው የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነው። ቆርቆሮ በ232፣ እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ፤ የሚነድ ጣራ ደግሞ ከዚህ እጥፍ በላይ ይሞቃል። ወናፉና ሣጥኑ ዐመድ ይሆናሉ፣ ቱቦው ፈስሶ ከፍርስራሹ ጋር ይቀላቀላል። እኔ ግን የባቲስታ ኦርጋን ከእሳቱ በፊት ዝም ያለ ይመስለኛል፤ 50 ዓመት ለቆዳ ወናፍ ብዙ ነው፣ የጣልያኖቹም ዕድሜ እያለቀ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰዎች እጅ ፈጽሞ አልጠፋም። ከዓባይ ማዶ በጎጃም ከብራንካሌዮን ሥዕሎች የተረፉ አሉ፤ የእቴጌ እሌኒ የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ጥርብ ድንጋይም ከነሐረጉ ቆሟል። ድንጋይ እሳት አይበላውም፤ ሥዕል በጨርቅ ተጠቅልሎ በአንድ መነኩሴ ጀርባ ዋሻ ይገባል። ከሰው ቁመት የበለጡ ቱቦዎች ያሉትን ኦርጋን ግን ነቅሎ፣ ጭኖ፣ ጦር ሳይደርስበት የዓባይን ቁልቁለት ማውረድ የማይታሰብ ነው።