ማይክ ሲሰጣችሁ ድምፃችሁ ለሚጠፋ፦ ፍርሃቱን በፈቃደኝነት የሚያስለቅቁ አንጋፋዎች አሉ

ግሩፕ አሳይመንት ላይ «እኔ ስላይዱን ልሥራ፣ አንተ ፕረዘንት አድርግ» ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኛ ጋ ማንም አላወጣም። ከመሃላችን አንዱማ ለሥራ ኢንተርቪው ገብቶ «እስኪ ስለ ራስህ ንገረን» ሲሉት፣ ስሙንና የተመረቀበትን ዓመት ተናግሮ ዝም አለ። ሥራውን ያውቀዋል፣ ውጤቱም ጥሩ ነበር። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ሄደ።

ዛሬ የምናወራው ለዚሁ ችግር ስለተቋቋመ ክለብ ነው፤ ቶስትማስተርስ ይባላል። ራልፍ ስሜድሊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢ በወወክማ (አዎ፣ እኛም አገር በዚሁ ስም የምናውቀው ማኅበር) ሲሠራ፣ ወጣቶቹ ሰው ፊት መናገርም ሆነ ስብሰባ መምራት እንደሚቸግራቸው አየ። ተራ በተራ እየተነሱ የሚለማመዱበት መድረክ አዘጋጀላቸው። ዛሬ ያለው ድርጅት መነሻ የሚባለው ክለብ የተመሠረተው በጥቅምት 1924 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ አና ከተማ ነው። አሁን ከ140 በላይ አገሮች ውስጥ ክለቦች አሉት፤ አዲስ አበባም አለ።

እኛን የገረመን አስተማሪ የለውም። ደሞዝ የሚከፈለው አሠልጣኝ ክለቡ ውስጥ አታገኙም። ሁሉም አባል ነው፣ ሁሉም በፈቃዱ ነው። ግን በየክለቡ ከዓመታት በፊት ገብተው ያልወጡ አንጋፋ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ጡረታ የወጡ። አዲስ ገቢ ሲመጣ ከነሱ አንዱ ሜንተር ይሆነዋል። ንግግሩን አብሮት ያያል፣ ስልክ ይደውልለታል፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቅለታል። ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ የተናገረ ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ንግግር ስለ ራስ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ። (የኛ ልጅ ኢንተርቪው ላይ የጠፋበት ጥያቄ ማለት ነው።) ሌላ ደግሞ ድንገተኛ ጥያቄ አለ፦ ስምህ ይጠራል፣ ጥያቄ ይወረወርልሃል፣ ሳትዘጋጅ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ታወራለህ። አንድ ሰው ሰዓት ይይዛል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ያሳያል። ሌላው «እእእ» ያልክበትን ይቆጥራል። ይሄን በአማርኛ ብናደርገው አስቡት! «ማለት ነው»፣ «ምናምን»፣ «እንትን»፣ «ምን ይባላል»... የኛን የቮይስ ሜሴጅ ቆጥረን ነበር፣ ቁጥሩን ባንናገር ይሻላል።

ከዚያ ገምጋሚ ይነሳል። «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ አይቀመጥም። ጥሩ የነበረውን ለይቶ ይነግርሃል፣ ቀጥሎ የምታሻሽለውን ደግሞ ለይቶ ያሳይሃል፦ «ታሪክህ ጥሩ ነበር፣ ግን ሙሉውን ጊዜ ወረቀትህን ነው ያየኸው።» በሚቀጥለው ስብሰባ ደግመህ ትሞክራለህ። ሚስጥሩም እዚህ ጋ ነው። ፍርሃት በምክር አይለቅም። ልብ ድው ድው እያለ ተናግረህ፣ ተሳስተህ፣ ምንም ሳትሆን ስትቀመጥ፣ ያ ደግሞ ሲደጋገም፣ ያኔ ነው ሰውነትህ የሚለምደው።

ታዲያ አንጋፋዎቹ ለምን ያስፈልጋሉ? አንደኛ ጊዜ አላቸው። ሁለተኛ ከአንተ ጋር አይወዳደሩም፤ ሥራህንም ውጤትህንም አይፈልጉም፣ ስለዚህ እነሱ ፊት መሳሳት እንደ ክፍል ጓደኛ ፊት አያሳፍርም። ደግሞ ብዙዎቹ ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ የገቡ ናቸው። ሄለን ብላንቻርድን እዩ፦ ክለቡ ሴት በማይቀበልበት በ1970 «ሆመር» በሚል የወንድ ስም ተመዘገበች። ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1973 ነው። በ1985 የዓለም አቀፉ ድርጅት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዝዳንት ሆነች።

በነገራችን ላይ ይሄ ነገር ለኛ ባዕድ አይደለም። ድሮ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ዳኛ ፊት በአንደበቱ የሚሟገት ሕዝብ ነበርን። የዛሬ ክፍሎቻችን ግን መጻፍና መስማት እንጂ ተነሥቶ መናገር ብዙም አያለማምዱም።

ክፍያስ? አባልነት በየ6 ወሩ መዋጮ አለው፣ ከዶላር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለተማሪ ይከብዳል። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ማየት ግን በአብዛኛው ነፃ ነው። አባል ለመሆን ዕድሜ 18 መሙላት አለበት።

ክለብ በሌለበት ከተማ ያላችሁ ደግሞ፣ ስድስት ሰባት ሆናችሁ ጀምሩ። ሰፈራችሁ ውስጥ ጡረታ የወጡ መምህር ወይም ጠበቃ አይጠፉም፤ «ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ቁጭ ብለው ይስሙን፣ ስህተታችንን ይንገሩን» በሏቸው። ሰዓት ለመያዝ ስልካችሁ ይበቃል። «እንትን» ለሚቆጥረው ልጅ ግን ወረቀት ስጡት፣ በጣት አይዘልቀውም።