ክዳኑ ያልተነሣው ጠርሙስ

በምሥራቅ ለንደን፣ ዌልክሎዝ በሚባለው አደባባይ ይኖር የነበረው ሐኪም ናትናኤል ባግሾው ዋርድ አንድ ነገር አልሆንለት ብሎት ነበር። በ13 ዓመቱ በመርከብ ሄዶ ጃማይካን ካየ ወዲህ ልቡ በዕፅዋት ፍቅር ተነድፏል። በተለይ ከጥላና ከእርጥበት የማይለየውን ፈርን አብዝቶ ይወድ ነበር። በጓሮው ድንጋይ ከመረ፤ ከአናቱ ላይ የተበሳሳ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃው እንዲንጠባጠብ አደረገ፤ ፈርኖቹንም ተከለ።

ተክሎቹ ግን መንምነው ሞቱ። ቤቱን የከበቡት ፋብሪካዎች የድንጋይ ከሰል ጢስ ቅጠሉን እያጠቆረ ጨረሰው። ዋርድ የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ተወው።

በ1829 በጋ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሐሳቡ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። አንዲት የእሳት እራት ከቅርፊቷ ስትወጣ ማየት ፈለገ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ እርጥብ አፈር ጨምሮ፣ ገና በቅርፊቷ ተጠቅልላ የተኛችውን ነፍሳት ቀበራት፤ ጠርሙሱን ከደነና መጠበቅ ያዘ።

ሲጠብቅ ግን ዓይኑን የሳበው ውሃው ሆነ። ቀኑ ሲሞቅ ከአፈሩ እርጥበት ይነሣል፤ መስታወቱን ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ወደ አፈሩ ይመለሳል። የድስት ክዳን ሲነሣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያላየ ሰው የለም። ዋርድ ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ፤ በዚህ መውጣትና መውረድ መካከል የአፈሩ እርጥበት ጨርሶ እንደማይቀንስ አስተዋለ። እራቷ ልትወጣ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀራት፣ ከአፈሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ።

አንዱ ተራ ሣር ነበር። ሌላው ፈርን!

በጓሮው ያን ያህል ተለፍቶበት እምቢ ያለው ተክል፣ ማንም ሳይዘራው ጠርሙስ ውስጥ በቀለ። ዋርድ ራሱን ጠየቀ፦ ፈርን የሚሻው ምንድን ነው? እርጥብ አየር፣ ብርሃን፣ ከጥላሸት መራቅ። ሦስቱም እዚያ ነበሩ። ጠርሙሱን ከመስኮቱ ውጭ አስቀመጠው፤ ክዳኑንም አላነሣም። ተክሎቹ ያለ አንዲት ጠብታ አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኖሩ፤ ሣሩ አንድ ጊዜ አበበ፣ ፈርኑ በየዓመቱ አዲስ ቅጠል አወጣ። የሞቱትም ተጠምተው አይደለም። ዋርድ ከቤት ርቆ ሳለ ክዳኑ ዝጎ ኖሮ የዝናብ ውሃ ገባባቸው።

መስኮት ላይ መኖር አንድ ነገር ነው፤ ውቅያኖስ መሻገር ግን ሌላ። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር የሚጫን ተክል አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር፤ የባሕሩ ጨው ያቃጥለዋል፣ ንጹሕ ውሃም ከመርከበኞቹ አይተርፍም። ዋርድ በ1833 ሁለት የመስታወት ሣጥኖች ፈርንና ሣር ሞልቶ በካፒቴን ቻርልስ ማላርድ እጅ ወደ ሲድኒ ላከ። በሕይወት ደረሱ። ከባዱ ፈተና ግን የመልሱ ጉዞ ነበር።

በ1834 መጀመሪያ ሣጥኖቹ የአውስትራሊያ ተክል ተሞልተው ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ተነሡ። ኬፕ ሆርን ላይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገባ፤ መርከቡም በረዶ ለበሰ። የምድር ወገብ ላይ ሙቀቱ 49 ደረሰ። ለስምንት ወር ማንም ውሃ አላጠጣቸውም፤ ከብርድም ከፀሐይም የከለላቸው አልነበረም። ዋርድና የችግኝ ነጋዴው ጆርጅ ሎዲጅስ መርከቡ ላይ ሲወጡ ምን ይጠብቃቸው ይሆን?

በብሪታንያ ምድር በሕይወት ታይቶ የማያውቅ ፈርን ለምልሞ ጠበቃቸው። ሎዲጅስ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ዓለምን ዞረ፤ ዕፅዋት ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ህንድ ያሻገረው በእርሱ ነው። በ1845 እንግሊዝ የመስታወት ግብር ስታነሣ መስታወት ረከሰ፤ የመስታወቱ ቤትም ከተክል አልፎ ለዓሣ ዋለ፤ በ1853 የለንደን መካነ አራዊት የዓሣ ቤት ከፈተ፤ በዓመቱ ደግሞ የተፈጥሮ አጥኚው የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ አኳሪየምን፣ ማለትም የመስታወት የዓሣ ገንዳን፣ ወደየሳሎኑ አስገባው።

ዋርድ ያየው ውሃ ግን በየሳሎኑ ችግር ሆኖ ብቅ አለ። የሐሩር አገር ዓሦች መጥተው ውሃው እስከ 25 ዲግሪ ሲሞቅላቸው፣ ክፍት የሆነው አኳሪየም ሌት ተቀን ይተን ጀመር። የሚመለስበት መስታወት ስላጣ ተኑ ቀዝቃዛ መስኮት ላይ ጤዛ ሆነ፤ ከቁም ሣጥን ጀርባም ሻጋታ አበቀለ። ባለቤቱ በየጊዜው የሚሞላው ውሃ ሁሉ ወደ ግድግዳው ነበር የሚሄደው። መላው ያው የዋርድ ክዳን ሆነ፦ ተኑ የመስታወቱን ክዳን ነክቶ ወደ ውሃው ተመለሰ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ፣ ትነቱ ሲቀንስ የማሞቂያው ሥራም ቀነሰ። ክዳኑ ግን ጥርቅም ብሎ አይዘጋም፤ ዋርድም ሣጥኖቹ አየር ጨርሶ የማያሳልፉ እንዳልነበሩ አስረድቷል። ለዓሣው ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነውና ጥቂት ክፍተት መተው የግድ ነው፤ በዚያ ለሚያመልጠው ተን መስኮት ከፈት ማድረግ፣ ያም ካልበቃ እርጥበት የሚመጥ መሣሪያ ማስገባት ያስፈልጋል።